ወይዘሮ ገጽ

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ሐሳብ ስትተይብ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ቤቷ ገብታ አርፋ ትቀመጣለች ብሎ የጠበቀ ካለ፣ ታይፒስቷን አያውቃትም። በመጀመሪያው ሳምንት ቁም ሣጥኑን አራግፋ እንደገና ደረደረችው። በሁለተኛው ሳምንት የደረደረችውን አራገፈች። በሦስተኛው ባሏ፣ እሱም ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፣ ሬዲዮኑን ይዞ ወደ በረንዳ ተሰደደ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሞተርሽ አይጠፋም እንዴ?» አላት በመስኮት። አይጠፋም ነበር። ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፤ ውሃ ልትጠጣ ትሄድና ብርጭቆውን አጥባ ሳትጠጣ ትመለሳለች።

የሚያሳርፋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት። ቅዳሜ ከሰዓት የድምቡሼ ነው። ድምቡሼ ጽሕፈት ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ጎኗ የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። ስሙ የወጣላት ጉንጮቿ ሙሉ በነበሩበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ጉንጩ የለም፣ ስሙ ግን ቀርቷል። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ወንድ ልጇ ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው። ታይፒስቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄድላታለች፣ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ይላሉ፣ የድሮ አለቆቻቸውን አንድ በአንድ እየጠሩ ያማሉ፣ ይመሽና ትመለሳለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ድምቡሼ ግን ከሳምንቱ ውስጥ የምትቆጥረው ያችን ቀን ብቻ መሆኑን ታይፒስቷ ታውቅ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ አላወቅሁም እንዳትል ነው።

መሥሪያ ቤቱ ሲያሰናብታት አንድ የምስጋና ወረቀትና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሰጥቷት ነበር። ላፕቶፑ ለስጦታ ሳይሆን ለመጣል የተዘጋጀ እንደነበር ጀርባው ላይ የተለጠፈው ቁጥር ይመሰክራል። ሲከፈት እስኪነሣ ድረስ አንድ ባልዲ ልብስ ታጥቦ ይሰጣል። አንድ ኮምፒዩተር ጠጋኝ አየውና «እማማ፣ ይኼ በነፃው ሲስተም ካልሆነ አይነሣም» አላት። ነፃው ሲስተም ማለት ማንም ሳይከፍል የሚወስደው፣ ውስጡን ከፍቶ የሚያየው፣ ቢችል የሚያሻሽለው የኮምፒዩተር ማንቀሳቀሻ ነው። እሱን የሚጭኑ ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ ከአንድ ቀለም መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት።

«አንድ ቅዳሜ ብቻ» አለቻት ድምቡሼን በስልክ።

«ምን ቸገረኝ፣ ሂጂ እንጂ» አለች ድምቡሼ።

በሩን ስትከፍት የቀለሙ ሽታ ከታች ተከትሏት ገባ። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ለሁሉም» የሚል ተጽፏል፤ የማኅበሩ መፈክር ነው። ከሥሩ ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ወንዶች። አቀማመጣቸው ለማያውቅ ሰው እንደ ደረሰው ይመስላል፤ ለሚያውቅ ግን እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት ካየችው ቢሮ የባሰ ደረጃ አለው። መስኮቱ አጠገብ፣ አየሩና ብርሃኑ ባለበት፣ የሚቀመጡት ሲስተማቸውን ከጥሬ ኮዱ ጀምረው በእጃቸው የገነቡት ናቸው። እነዚህ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል እንጂ ሥዕል አያዩም፤ ማውስ መንካት ነውር ነው። መሃል ላይ ግማሹ ተሠርቶ የመጣላቸውንና ቀሪውን ራሳቸው የጨረሱት አሉ። በሩ አጠገብ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ሽታ በሚደርስበት፣ ለጀማሪ እንዲመች ሁሉ ነገር ተሰናድቶለት፣ በሥዕል አሸብርቆ የሚመጣውን የሚጠቀሙት ይቀመጣሉ። መስኮት አጠገብ ያሉት ይህን ሲስተም «ጡጦ» ይሉታል።

ታይፒስቷ ባዶ ወንበር ያገኘችው በሩ አጠገብ ነው። ጡጦውን ያን ዕለት ጫኑላትና ጥያቄ ካለ ተባለ።

«ፊደሉን እንዴት ነው የማተልቀው? ዓይኔ ደከም ብሏል።»

መስኮት አጠገብ አንዱ ሳቁን አፈነ። ሊቀመንበሩ፣ በአዘቦት ቀን የስልክ መስመር ቴክኒሺያን፣ ቅዳሜ ግን ንጉሥ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ «ማዘር፣ መመሪያውን ያንብቡ» አላት።

«የት ነው ያለው?»

መመሪያውን አንብብ የተባለ ሰው ሁሉ አፍሮ ይቀመጣል እንጂ የት ነው ብሎ ጠይቆ አያውቅም። እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ ከመሃል አንድ ፋርማሲስት፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው፣ ተነሣና ፕሮጀክተሩን ቀና አድርጎ ከሥሩ ደጎስ ያለ መጽሐፍ መዘዘ። እንዳያዘነብል የተደገፈበት ኖሯል። አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ፣ በእንግሊዝኛ። አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ሰጣት፤ በመጽሐፉ ቦታ የቀለም ጣሳ ክዳን አስገባ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ፊደሉን አተለቀላት።

እልህ ያዛት። ያንገበገባት ሳቁ ሳይሆን ያቺ «ማዘር» የምትል ቃል ነበረች። መጽሐፉን እንደምትተይበው አድርጋ ያዘችው፤ መስመር ሳትዘል፣ የገባትንም ያልገባትንም። ቁጭ ብላ አላነበበችም፤ ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን እየተንጎራደደች ነው። «የእኔን የመንጃ ፈቃድ ፈተና እንዲህ አንብበሽልኝ ቢሆን አራት ጊዜ አልወድቅም ነበር» አላት ባሏ። አልሰማችውም። ቅዳሜ ሲደርስ ስልክ ይጮኻል።

«ዛሬስ?» ትላለች ድምቡሼ።

«ዛሬ ስብሰባ አለኝ።»

«የሚመጣውስ?»

«የሚመጣው ቅዳሜ እንገነባለን።»

«ምንድን ነው የምትገነቡት?»

«ሲስተም።»

«ኧረ ይሁን። ጣሪያው ሲደርስ ጥሪኝ።»

ይሳሳቃሉ። ስልኩ ሲዘጋ ታይፒስቷ ሳሎኑን ሦስት ጊዜ ዞራ ወደ ገጿ ትመለሳለች።

በዘጠነኛው ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ከፕሪንተሩ ጋር ግብግብ ገጠመ። ማተም አለበት፣ አያትምም። መስኮት አጠገብ ያሉት ተራ በተራ ጣታቸውን ሰብቀው መጡ፤ እያንዳንዱ ያለፈው የሠራውን ስሕተት አብራርቶ የራሱን ጨመረበት። ከበሩ በኩል «ገጽ ሁለት መቶ ሦስት፣ ሦስተኛው አንቀጽ» የሚል ድምፅ መጣ። ዞር አሉ። እሷ ናት። ማንም አልተነቃነቀምና ራሷ ሄዳ ሁለት መስመር ተየበች። ፕሪንተሩ አጓራና ወረቀት ተፋ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች መመሪያውን ያነበበ አንድም የለም። ዓመት ሙሉ ሰው ሲያባርሩበት የኖሩበትን መጽሐፍ ከፕሮጀክተር ሥር ነበር ያኖሩት! ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ታይፒስቷ ግን ውስጧ ሞቅ አላት። ሠላሳ አንድ ዓመት «ይኼን በሦስት ኮፒ» እየተባለች የኖረች ሴት ናት፤ ስትናገር ዐሥራ አምስት ሰው ዞር ብሎ ሲያያት የመጀመሪያዋ ነው። ጥፋቱ ሁሉ የእሷ ነው ለማለት እኔም አንጀቴ አይችልም።

በሳምንቱ ማዘር መባሏ ቀረና «ወይዘሮ ገጽ» ተባለች። ወንበሯ ወደ መሃል ተሳበ። መሃል ላይ አላረፈችም። ላፕቶፗን ባዶ አድርጋ ሲስተሙን ከጥሬ ኮዱ መገንባት ጀመረች፤ ሦስት ቀን ፈጀ። ማሽኑ ሲያቃስት እሷ ዙሪያውን ትዞራለች። ባሏ በር ላይ ቆሞ «ምጥ ነው?» ይላል። በሦስተኛው ቀን ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ምልክት ብልጭ ድርግም አለች። ይኸው ነው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። እሷ ግን እንባዋ መጣ።

አሁን ፋርማሲስቱን ያደረገችውን ልንገራችሁ። ሰውየው ጎኗ፣ መሃል ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ እሱም ጥቁር ስክሪን ከፍቶ። አንድ ቅዳሜ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ጥቁሩ ላይ የምታምር ቢጫ ሳጥን ብቅ አለች፤ «እባክዎ ባትሪዎ ሊያልቅ ስለሆነ ቻርጅ ያድርጉ» ትላለች። የተከበሩት ሲስተሞች እንዲህ ያለ ትሕትና የላቸውም፤ ዝም ብለው ነው የሚሞቱት። ታይፒስቷ አየች። ዝም ማለት ትችል ነበር።

«ጡጦ ነው!» አለች ጮክ ብላ። «ገጽ ሃያ ስምንት ላይ ሥዕሉ አለ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፋርማሲስቱ ፈገግ ለማለት ሞክሮ «መድኃኒት ቤት ሰው ይበዛብኛል፤ ቶሎ የሚነሣ ስለፈለግሁ…» ብሎ ጀመረ፤ የሰማው የለም። ወንበሩን ይዞ ወደ በሩ ሄደ። ሁለት ቅዳሜ እዚያ ተቀመጠ፤ በሦስተኛው አልመጣም። ያን ዕለት ታይፒስቷ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሁለት ፌርማታ አልፋ ወረደች። ነገር ግን በተከታዩ ሳምንት ሊቀመንበሩ የመስኮቱን ወንበር በገዛ እጁ ሳበላት፤ እሷም ተቀመጠችበት።

መስኮቱ ጋ የደረሰ ሰው ቦታውን መጠበቅ አለበት። ታይፒስቷ ደግሞ ያቺን ወንበር ካጣች ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም ነበር፤ ወደ ቁም ሣጥኑ ነው የምትመለሰው። ስለዚህ ማስታወቂያ ተየበች፤ አሳምራ፣ አንድ ስሕተት የሌለበት። «ጥያቄ የሌለው አይገባም። ጥያቄ ያለውም አስቀድሞ ከመመሪያው ስንት ገጽ እንዳነበበ ይናገር።» ሊቀመንበሩ ሳይቀር «ትንሽ አልከበደም?» ብሎ ነበር። ለባሏ አነበበችለት። ባሏ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገና፣ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ» አለ። መልሶ ከፍ አደረገው። ማስታወቂያው ደረጃው ሥር ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ አዲስ ሰው ብርቅ ሆነ፤ ይኼም ለማኅበሩ የጥራት ምልክት ተደርጎ ተወሰደ። «ለሁሉም» የሚለው ጽሑፍ እዚያው ግድግዳው ላይ ነው።

የድምቡሼ ስልክም ቀስ በቀስ ተራራቀ። በየቅዳሜው መሆኑ ቀርቶ በሁለት ሳምንት አንዴ ሆነ። «ዛሬስ?» ማለቱንም ተወችው፤ «ደኅና ነሽ? ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» ብላ ትዘጋለች። ታይፒስቷ ሁልጊዜ የሚመጣውን ቅዳሜ ለድምቡሼ ትመድባለች። የሚመጣው ሲመጣ ደግሞ ወንበሩ ትዝ ይላታል፤ አንድ ቀን ባዶ ቢያገኙት ማን ይቀመጥበት ይሆን? ይህ ሐሳብ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋዋ ፈንቅሎ ያስነሣታል።

ዝናብ ባረፈበት አንድ ቅዳሜ በሩ ተከፈተና አንዲት ቀጭን ሴት እያለከለከች ገባች። በአንድ እጇ ፌስታል ይዛለች።

«ይኼ ደረጃ አያልቅም እንዴ!» አለች ለክፍሉ በሙሉ። ከዚያ ታይፒስቷን አየቻትና ፊቷ በራ። «አለሽልኝ!»

ወንዶቹ ቀና አሉ። የታይፒስቷ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። «ትተዋወቃላችሁ?» አላት ሊቀመንበሩ።

«መሥሪያ ቤት አብረን ነበርን» አለች። ሃያ ስድስት ዓመቱን በዚህ ጨረሰችው።

ድምቡሼ ሰማች አልሰማች እንጃ፤ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ከፌስታሉ በፎጣ የተጠቀለለ ላፕቶፕ አወጣች፣ ፎጣውን በሥርዓት አጠፈች፣ ከፈተችው። ሁሉም ይጠብቃል። እንደ ተማሪ እጇን ግማሽ አነሣች። «ይኼ… ምን ነበር… አዎ፣ ድምፁ አልሰማ አለኝ።»

ቀላል ጥያቄ ነው። ታይፒስቷ ተነሥታ አምስት እርምጃ ብትሄድ ያልቃል። ነገር ግን ሁሉም ያዩት ድምቡሼን ሳይሆን እሷን ነበር። ደንቡ የእሷ ነው። ለአንዷ ወዳጇ ካፈረሰችው ነገ ምን ይሏታል? በፋርማሲስቱ የሳቀው አፍ አሁንም እዚያው ተቀምጧል። ልቧ ሁለት ቦታ ተጎተተ፤ ከዚያ አፏ ቀደመ።

«ስንት ገጽ አንብበዋል?»

ድምቡሼ ዞር ብላ ኋላዋን አየች፤ ማን እንደተጠየቀ ፈልጋ ነው። ከኋላዋ በሩ ብቻ ነበር። «እኔን ነው?»

«አዎ፣ እርስዎን።»

«ኧረ እኔ ምንም አላነበብኩም።»

«እንግዲያው አንብበው ይምጡ።»

አንዱ ሳቀ። ድምቡሼ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ላፕቶፑን ከደነችው፣ በፎጣው ጠቀለለችው፣ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ለሁሉም ጎንበስ አለችና ወጣች። የእግሯ ድምፅ ደረጃውን ሲወርድ ተሰማ፤ በየፎቁ አረፍ እያለ።

ታይፒስቷ መተየብ ጀመረች። ሳተች። ሰረዘች፣ እንደገና ሳተች። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልሳተ እጅ አንዲት መስመር አልሄድ አለው። ተነሣች፣ ተቀመጠች። «ምነው?» አላት ጎኗ ያለው። መስኮቱን ልትከፍት የተነሣች መሰለች፤ ቁልቁል አየች። ድምቡሼ ፌርማታው ላይ ቆማለች፣ ፌስታሉን ደረቷ ላይ አቅፋ፤ ከላይ ስትታይ እንዴት አንሳለች! ታይፒስቷ ጃኬቷንም ላፕቶፗንም ጥላ ወጣች። ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታስታውስም።

ስትደርስ ትንፋሿ አጥሮ ነበር። ድምቡሼ አየቻትና «ቀስ በይ፣ ምን አስሮጠሽ?» አለች።

«ስጪኝ፣ ላየው። ድምፁን አስተካክልልሻለሁ። አንድ ደቂቃ ነው።»

«ተዪው። ምንም አልሆነም።»

«አልሰማ አለኝ አላልሽም?»

«ልጄ ጥሎት የሄደው ነው። ደኅና ይሠራል። ሙዚቃም ያጫውታል።» ድምቡሼ አውቶቡስ የሚመጣበትን አቅጣጫ አየች። «ባለፈው ሳምንትም መጥቼ ነበር። እታች ማስታወቂያ አየሁ፤ ጥያቄ የሌለው አይገባም ይላል። ጥያቄ አልነበረኝም፤ ተመለስኩ። ሳምንቱን ሙሉ ጥያቄ ስፈልግ ከረምኩ፤ ስለ እሱ ምን አውቄ ልጠይቅ? ድምፅ ያለው ነገር ድምፁ ይጠፋል መቼም ብዬ ነው።»

«ለምን? ቤት አትመጪም ነበር? አትደውዪም ነበር?»

«ቅዳሜ ነዋ» አለች ድምቡሼ። ለሕፃን እንደሚያስረዱት ነው ያለችው። «ቅዳሜ የምትሆኚው እዚህ ነው።»

መኪና ያልፋል፣ ሰው ይጋፋል፤ ሁለቱ መሃል ላይ ቆመዋል።

«እኔ የምለው» አለች ድምቡሼ፤ ቂም የለበትም፣ ቁርጡን ማወቅ የምትፈልግ ሰው አነጋገር ነው። «ካንቺ ጋር ለመቀመጥ ስንት ገጽ ነው ማንበብ ያለብኝ?»

አውቶቡሱ መጣ። ድምቡሼ መልስ ሳትጠብቅ ገባች። ከመስኮቱ በኩል ተቀመጠችና ፌስታሉን አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ አኖረችው። ታይፒስቷ ተከትላ ገባች። ልታነሣው እጇን ዘርግታ መለሰችና ብረቱን ይዛ ቆመች። ድምቡሼ ውጭ ውጭውን ታያለች። አንድ ፌርማታ አለፈ፣ ሁለት አለፈ።

በሦስተኛው ላይ ስልኳ ጮኸ። ሊቀመንበሩ ነው። «ወይዘሮ ገጽ፣ የት ጠፉ? ይኼ ፕሮጀክተር ከሲስተሙ ጋር አልገናኝ ብሎናል። ገጹ ስንት ነበር?»

ገጽ ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ፣ ሁለተኛው አንቀጽ ነው። ቁጥሩ ምላሷ ላይ ነበር።

«አላውቅም» አለች።

«እርስዎ?»

«አላውቅም አልኩህ እኮ። አላነበብኩትም።» ድምፏ ተሰበረና አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። «ከእሱ ውስጥ የሚረባ ነገር አላነበብኩም» ብላ ዘጋችው።

ድምቡሼ ዓይኗን ከመስኮቱ አልመለሰችም። እጇን ብቻ ዘርግታ ፌስታሉን ከወንበሩ አነሣችና ጭኗ ላይ አደረገችው።